ከመጽሐፉ ማዶ

ዝናብ የመታው ቀርከሃ ሲሸተኝ ዛሬም በእጄ ያለውን ሥራ አስቀምጣለሁ። ትናንት የልጅ ልጄ አጥር ሲያጥር ያ ሽታ መጣና ደጃፉ ላይ ቁጭ አልሁ። "ምን ሆንሽ እምዬ?" ቢለኝ ምን ብዬ ላስረዳው? እስቲ ለእናንተ ልንገራችሁ።

እንጅባራ የተማርንበት ክፍል ግድግዳው የተፈለጠ ቀርከሃ ነበር። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ በስንጥቁ እየገባች ወለሉን ዥንጉርጉር ታደርገዋለች፤ ብርዱ ደግሞ ሁልጊዜ ከፀሐይዋ ቀድሞ ይገባል። የማንበቢያ መጽሐፍ አንድ ብቻ ነበረን። መሬት ላይ ይዘረጋና ዙሪያውን እንከበዋለን። የከተማ ልጆች ተሽቀዳድመው ከፊቱ ይሰየማሉ። እኔ ከጥርባ በኩል የመጣሁት የገበሬ ልጅ፣ አፌን በአገውኛ የፈታሁና አማርኛው ገና የሚደናቀፍብኝ፣ የሚደርሰኝ ማዶው ነው። ስለዚህ ፊደልን የለየሁት እግሩ ወደ ላይ ሆኖ ነው። ሲፈጠርም እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

አስተማሪያችንን እትዬ እንላታለን። ከደብረ ማርቆስ የመጣች፣ ቀጭን፣ ድምጿ ከሰውነቷ የሚበልጥ ወጣት ነበረች። እንደ እሷ ያለ ሰው ከዚያ ወዲህ አላየሁም፤ ማጋነኔ አይደለም።

ከሁሉ የከበደን እነ ሟን፣ ቋን፣ ጓን ማንበብ ነበር። የቄስ ትምህርት ቤት የቀመሱት ልጆች "ዲቃላ" ይሏቸዋል። እትዬ ግን "ዲቃላ የሚባል ፊደል እኔ ክፍል አይገባም፤ እነዚህ ጥንዶች ናቸው" አለች። ደጅ አወጣችንና እኔን "ጉ በይ"፣ ከሜዳው ጫፍ ያቆመችውን ልጅ ደግሞ "ኣ በል" አለች። "አሁን ድምፃችሁን ሳታቋርጡ እየሮጣችሁ ተገናኙ!" ጉኡኡ፣ ኣኣኣ እያልን መጥተን ስንላተም፣ ጭቃው ላይ ተቃቅፈን ስንወድቅ፣ ከሁለታችን አፍ ጓ ወጣ። ከዚያ ሙ እና ኣ፣ ከዚያ ቁ እና ኣ ተሯሯጡ። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች እየቆሙ ይስቁብን ነበር። ይሳቁ! ብዙም ሳይቆይ ጓሮን፣ ጓያን፣ ቋንጣን እንደ ውኃ ጠጣናቸው። ያ ሜዳ ዛሬ ባጃጅ የሚንጫጫበት ሆኗል።

እናቴ በዚያው ዓመት ሞታ ነበር። እኔ የምማረው እንጅባራ አክስቴ ዘንድ ተቀምጬ ስለነበር ገጠር ቤታችን ውስጥ ከአባቴ በቀር ሰው አልቀረም። ጎረቤቱ ሁሉ "ሴት ልጅ እያለችህ ምን በወጣህ ትቸገራለህ?" እያለ ይነዘንዘዋል። አጨዳው እንዳለቀ አባቴ ትምህርት ቤቱ ድረስ መጣ።

"ማንበብ ከቻለች ትቀመጥ፤ ካልቻለች ዛሬውኑ ይዣት እሄዳለሁ" አላት እትዬን።

እትዬ መጽሐፉን ሰጠችኝ። እንደ ለመድሁት ዘቅዝቄ ያዝሁና ጮክ ብዬ አነበብሁ። አባቴ ፊደል አይለይም። ግን ገጹ ላይ የበሬ ሥዕል ነበረ፤ በሬ ደግሞ ከማንም በላይ ያውቃል። በሬው በጀርባው ተንጋሎ ሲያየው ፊቱ ጠቆረ።

"ይቺ ልጅ ሸምድዳ ነው የምታታልለን" ብሎ እጄን ያዘ። "ተነሽ፣ እንሂድ።"

እትዬ መጀመሪያ የተንጋለለውን በሬ፣ ቀጥሎ እኔን አየች። ለካ እሷም ነገሩ የገባት ያን ጊዜ ነው።

"አባቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ሁልጊዜ ከማዶ ስትቀመጥ ቦታ አላስለወጥኋትም" አለችው። "አንድ ነገር ብቻ ይፍቀዱልኝ። እሷ የማትሰማውን ቃል፣ የፈለጉትን፣ በጆሮዬ ይንገሩኝ።"

አባቴ ጥቂት አመነታ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አንሾካሾከላት። እትዬ በከሰል ያጠቆረችውን ሰሌዳ መሬት ላይ አጋደመችና በጠመኔ ጻፈች፤ እኔን በለመድሁት በኩል፣ ከማዶ አስቀመጠችኝ። አባቴም እጄን እንደያዘ አብሮኝ ቁጢጥ አለ።

"አ… ን…" አልሁ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ጉ እና ኣ ከሁለት ወገን ሮጠው መጡልኝ። "ጓ… ች።" ቀጥዬ አንድ ላይ አልሁት፦ "አንጓች።"

የእናቴ ስም ነበር። ከቀብሯ ወዲህ አባቴ ሲጠራው ሰምቼ አላውቅም።

እጄን ለቀቀ። ጣቱን ወደ ሰሌዳው ሰደደና እንዳያጠፋው ፈርቶ መለሰው።

"ይቺ… እሷ ናት?"

"ስሟ ነው፣ አባቴ" አለችው እትዬ።

"እስቲ ደግመሽ በያት" አለኝ። ደግሜ አልኋት። እንባዬ ጉንጬ ላይ ይወርድ ነበር።

ክፍሉ ያለው ሰሌዳ ያ ብቻ ነበር። እትዬ ግን አንስታ "ይውሰዱት" አለችው፤ ሌላ እስኪገኝ ድረስ የክፍሉ በር ላይ በከሰል እየጻፈች አስተማረችን። እኔም አድጌ ዕድሜዬን ሙሉ ፊደል ሳስቆጥር እሷን ለመምሰል ስሞክር ኖርሁ፤ አልደረስሁባትም።

አባቴ ጠመኔው እንዳይራገፍ ሰሌዳውን በጋቢው ሸፍኖ፣ እንደ ሕፃን ታቅፎ ወጣ። መንገዱ እስኪሰውረው ድረስ በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። አንድም ጊዜ ዞር አላለም። እኔን ለትምህርቴ ትቶ፣ እናቴን ይዞ፣ ወደ ቤቱ ሄደ።