ስድቡንም ሳታስቀር

ግንቦት በገባ ቁጥር አሶሳ ውስጥ ማንጎ ከየዛፉ እየረገፈ መሬት ላይ ይቦካል፤ ሽታው ጣፋጭም ኮምጣጣም ነው፣ ዝንብ ይጠራል፣ ጫማ ሥር ይጣበቃል። ትናንት ከሃይስኩል ስመለስ ያ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባና እግሬ ራሱ ቆመ፤ ቀና ስል ለካ የድሮ ትምህርት ቤቴ አጥር ጋ ደርሻለሁ። ከአጥሩ ማዶ የእኛ ክፍል፣ መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩበት፣ ቆርቆሮው ዝጎ ከማንጎው ሥር ተቀምጧል። ቤት ገብቼ ልብሴን እንኳን ሳልቀይር ብዕር አነሳሁ። ሰሞኑን መጻፍ እንዲህ አድርጎኛል፤ ከጀመርኩ እራቴንም እረሳለሁ።

ጆሮዬን የወሰደው ማጅራት ገትር ነው፤ ገና አምስት ዓመቴ ነበር። ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ሰው ሁሉ አፉን ያንቀሳቅሳል፣ ይስቃል፣ ይጣላል፣ እኔ ደግሞ የእማዬን ቀሚስ እየጎተትኩ ምን እንደተባለ እጠይቃለሁ፤ እማዬ እጇን ታወዛውዝልኛለች፣ ምንም አይደለም ለማለት። ጎረቤት ሲሞት ምንም አይደለም፣ ሠርግ ሲጠራ ምንም አይደለም፣ አባዬ ባጃጁን ገልብጦ ክንዱን በፋሻ ጠቅልሎ ሲመጣ እንኳን ምንም አይደለም። እንደ አሶሳ ምንም ነገር የማይሆንበት ከተማ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ቲቸር ከደብረ ብርሃን ለእኛ ክፍል ተመድባ ስትመጣ ሙቀቱ ፊቷን አቅልቶት፣ በነጩ ጋወኗ እጅጌ ላቧን እየጠረገች ነበር የገባችው። ፍንጭት ስለነበረች የምልክት ስሟን ያኔውኑ አወጣንላት፦ ጣት ወደ ፊት ጥርስ። እሷም ለእኔ የባጃጅ መሪ የሚያዞር እጅ ሰጠችኝ፣ አባቴ ሹፌር መሆኑን ስነግራት። ከፊደልና ከቁጥር በፊት ያስተማረችን ነገር ግን ሌላ ነው። እሷ ባለችበት የተነገረ ነገር ሁሉ በእጇ ወደ እኛ ይመጣል። ሁለት መምህራን በመስኮታችን ሥር ስለ ወንበር ሲጣሉ የሒሳቡን ትምህርት አቁማ ጠቡን ከነእርግማኑ ተረጎመችልን፤ «የሚሰማ ልጅ ሳይፈልግም ይሰማል፣ እናንተ ለምን ይቅርባችሁ?» አለች። ጠቡ ከሒሳቡ የበለጠ ጣፈጠን፣ እውነት ለመናገር።

አስፋልት መሻገር ልታስተምረን ስትወጣ የራሷን ጆሮ በጥጥ ደፈነች፤ እናንተ የምትሆኑትን ካልሆንኩ ምኑን አስተምራለሁ ብላ። ከኋላ የሚመጣ ባጃጅ በጥላው፣ በአቧራው፣ ከፊት በሚመጡ ሰዎች ዓይን እንደሚታወቅ አሳየችን። እኛን ስታሳይ ግን የራሷን ጀርባ ረሳችውና አንድ ባጃጅ ጋወኗን ታክኮ ቆመ። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ አፉን እስከ ጉሮሮው ከፈተ። ቲቸር ጥጡን አወጣችና፣ «ምን አልክ ወንድሜ? እባክህ ድገምልኝ» አለችው። ደገመላት። ወደ እኛ ዞራ፦ «'አንቺ ሴትዮ፣ ደንቆሮ ነሽ እንዴ!' ነው ያለኝ። እንግዲህ እኔም ከእናንተ ተቆጠርኩ።» ሳቃችን መንገድ ዳር አስቀመጠን፤ ሹፌሩ ግራ ገብቶት ሄደ። ሳቁ ሲበርድልኝ ግን ገባኝ፣ ሰው በሰፈር ሳልፍ በከንፈሩ የሚሠራት ያቺ ቃል ምን እንደሆነች። ከፋኝ። ግን የከፋኝን ነገር ማወቄ ደግሞ እንዴት እንዳኮራኝ!

አራተኛ ክፍል ሲያልቅ የእኛ ክፍልም ያልቃል፤ አምስተኛ ማለት አስፋልቱን ተሻግሮ ከሚሰሙ ልጆች ጋር መማር ነው። እማዬ ቁርጥ ሐሳብ ይዛ ሻርፗን አጥብቃ መጣች፣ ልታስቀረኝ። እኔ አግዳሚው ላይ ተቀምጫለሁ፣ እሷ ለቲቸር ትናገራለች፣ የቲቸር እጆች ለእኔ።

«ባጃጁ ይገጭብኛል፣ ልጆቹ ይስቁባታል። ስሟን መጻፍ ችላለች፣ ይበቃታል። ተምራስ ምን ልትሆን ነው?»

የቲቸር እጅ አልዘገየም። እማዬ አሁን ነው ያስተዋለችው።

«እንዴ! ለሷ ነው እንዴ የምትነግሪያት? ተይ እንጂ፣ ልጄን ታስከፊብኛለሽ!»

ይሄንንም ነገረችኝ።

«በአላህ! ይቺን እንኳን አታስቀሪም?»

«አላስቀርም፣ እትዬ ዘሀራ። የሚወራው ስለሷ ነው።»

እጄን አነሳሁ። አንዱን ምልክት ሁለቴ አበላሸሁት፣ ቲቸር ሳትቸኩል ጠበቀችኝ፤ ከዚያ የእኔን እጅ በእሷ ድምፅ ለእማዬ ሰጠቻት። «እማዬ፣ ባጃጅ ከኋላዬ ሲመጣ በጥላው አውቀዋለሁ። ልጆቹም ይሳቁ፣ በእነሱ እኔም እስቃለሁ። የምፈራው ቤት ቁጭ ብዬ ምንም አይደለም ስትይኝ ማርጀትን ነው።»

እማዬ መጀመሪያ የቲቸርን አፍ ነበር የምታየው። ቀስ ብላ ዓይኗን ወደ እጄ አመጣችው።

«ይሄን ሁሉ እሷ ናት ያለችው?»

«አንድ ቃል አልጨመርኩበትም።»

«አወይ ልጄ… የት አስቀምጠሽው ነበር?» በሻርፗ ጫፍ ፊቷን ጠረገች፣ ከዚያ ጣቷን ቲቸር ላይ ቀሰረች። «እሺ ትሂድ! ባጃጅ ቢነካት ግን የምንጣላው እኔና አንቺ ነን!» ቲቸር ዛቻውን ራሱ ፍንጭቷ እስኪታይ እየሳቀች ተረጎመችልኝ። እንዲህ ነው አምስተኛ ክፍል የገባሁት፤ ልጆቹም ሳቁብኝ፣ አልዋሽም፣ አንድ ወር ያህል።

አምና ቲቸር ወደ ደብረ ብርሃን ተዛወረች፤ እናቷ ታመው አስታማሚ አጥተው ነበር። ሽኝቱ ማንጎው ሥር ሆነ፤ ዳቦ ተቆረሰ፣ የድሮ ተማሪዎቿ ሁሉ መጣን። ዳይሬክተሩ ሊናገር ሲቆም እሷ እንደ ልማዷ ጎኑ ቆማ እጇን አነሳች። «ዛሬ የተሰበሰብነው ቲቸርን ለመሸኘት ነው» አለችን። ሰውየው ቀጠለ። መምህራኑ ዓይናቸውን ማበስ ጀመሩ፣ የጽዳቷ ሴትዮ ፊቷን አዞረች፣ የቲቸር እጆች ግን ወረዱና ጋወኗ ኪስ ውስጥ ገቡ። ምን አለ? ምን አለ? አልናት ሁላችንም ባንዴ። አንገቷን ነቀነቀች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። ስድባችንን አንድም ቀን ያላስቀረች ሴት ምስጋናዋን አስቀረችብን።

አሁን ሃይስኩል ክፍሉ በሳቅ ሲናወጥ ጎኔ የምትቀመጠውን ልጅ ክንዷን እነካታለሁ። ደግ ልጅ ናት፣ ዴስኩ ላይ በእርሳስ ትጽፍልኛለች፦ «ቀልድ ነው።» መምህሩ ተቆጥቶ ልጅ ሲያስወጣ፦ «ረበሸ።» እስቃለሁም፣ አመሰግናታለሁም። ቲቸር ባለችበት ሳልሰማ የቀረሁት ያንን አንድ ንግግር ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስንት ጠብ፣ ስንት ቀልድ፣ ስንት ስድብ እንዳለፈኝ ግን የሚነግረኝ እንኳን የለም።