በማክሰኞው ዕቅድ ላይ የሰፈረች አንዲት ቃል

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ የዕቅድ ደብተሬን ካስቀመጥሁበት ሌላ ቦታ አገኘሁት። ሰኞ ከሥራ ስወጣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ጠረጴዛ ላይ፣ ሽፋኑን ወደ ላይ አድርጌ ትቼው ነበር፤ ጠዋት ግን መስኮቱ ሥር ተደፍቶ ነበር። ዕቃዬን ያኖርሁበትን አልረሳም። አንድ ሰው አንብቦታል ብዬ ጠረጠርሁ፤ የጠረጠርሁትም ርእሰ መምህሩን ነበር።

ምክንያት ነበረኝ። ቡሬ ላይ በግብርና ባለሙያነት ለዓመታት ካገለገልሁ በኋላ የመምህርነት ሥልጠና ገብቼ፣ ለተግባር ልምምድ የተመደብሁት ፍኖተ ሰላም ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ነበር። በግቢው ጥግ ያለችውን ጠባብ መሬት ከስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር ቆፍረን ካሮት ዘርተናል። ርእሰ መምህሩ ግን ሜትር ይዘው እየመጡ ይህችኑ ቦታ ሲለኩ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። ስጠይቃቸው «እንዲያው ነው» ብለው አለፉ። ልምምዴን ማለፍ አለማለፌን የሚወስነውን ቅጽ የሚፈርሙት እሳቸው ናቸው፤ መሬቷ ከተወሰደች ደግሞ የማስተምርበት ነገር አይኖረኝም።

ዘበኛው ከጅጋ ገጠር የመጡ ሽማግሌ ናቸው።

«አባባ፣ ማታ ወደ ማረፊያ ክፍሉ የገባ ሰው ነበር?» አልኋቸው።

«ቁልፍ ያለው ይገባል። እኔ ደጅ ነው ያደርሁት፣ እሜቴ» አሉኝ።

ቁልፍ ያለው ማን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ስም ግን አልጠሩም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተማሪዎቹን ይዤ ወደ መሬቷ ሄድሁ። ርእሰ መምህሩ ከዘበኛው ጋር ከአጥሩ ወዲያ ቆመው ያዩን ነበር። ቡቃያው እርስ በርሱ ተጨናንቆ ነበርና፣ በየሦስት ጣት ርቀት አንድ አንድ እያስቀሩ ሌላውን እንዲነቅሉት አዘዝሁ።

«ቲቸር፣ ስንት ቀን ውኃ ተሸክመን አብቅለነው?» አለች አንዷ።

«ዝም ብለሽ ንቀይ፣ ገበሬ!» አላት ከኋላዋ ያለው።

«ገበሬማ ብሆን መቼ እጠይቅ ነበር፣ አንተ የአስፋልት ልጅ!»

እየተሳሳቁ መንቀል ሲጀምሩ ርእሰ መምህሩ እየተጣደፉ ገቡ።

«መምህርት፣ እንግዲህ በዓይኔ አየሁ!» አሉና ስልካቸውን ዘረጉልኝ። የደብተሬ ገጽ ፎቶ ነው፤ «ማክሰኞ ከሰዓት፦ ስምንተኛ ክፍልን ይዞ ማሳሳት። ርእሰ መምህሩ ለግምገማ ከመምጣታቸው በፊት ማለቅ አለበት» ይላል።

«ልጆቹን በምንድን ነው የሚያሳስቱብኝ? ተክሉን በልጆቹ እጅ አስጠፍተው በእኔ ሊያላክኩ ነው?»

እኔ አፌን ሳልከፍት ዘበኛው ሳቅ አመለጣቸው።

«ኧረ ጌታዬ! እዚህ የሳተም ያሳሳተም የለ። የሚሳሳው ካሮቱ ነው! እንዲህ ታጭቆ ሥሩ በየት በኩል ይወፍራል?»

ርእሰ መምህሩ የከተማ ልጅ፣ በዚያ ላይ የቋንቋ መምህር ናቸው፤ ቃሏን የሚያውቋት በአንድ ፊቷ ብቻ ኖሯል። ተማሪዎቹ ሲስቁ አብረው ለመሳቅ ሞከሩ። እኔ አልሳቅሁም። ደብተሬን ማንበባቸውን በገዛ አፋቸው ነግረውኛል፤ መሬቷ ብትጠፋ ሰበቡ በእሳቸው እንደሚላከክ መፍራታቸውንም ሰምቻለሁ።

«የሜትሩስ ነገር?» አልኋቸው።

ተማሪዎቹን ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ነገ ጠዋት ቢሮ ይምጡ» አሉኝ።

ረቡዕ ጠዋት በሩን ዘግተው ነገሩኝ፤ ቦታዋ ለተጨማሪ መማሪያ ክፍል ግንባታ ተይዛለች። ጥቂት ከተከራከርን በኋላ ካሮቱ ደርሶ እስኪነሣ መሬቷ እንዳትነካ፣ የልምምድ ቅጼም ካሮቱ በሚነሣበት ቀን እንዲፈረም ተወሰነ። ከዚያ በኋላ የግብርና ትምህርቱ የት እንደሚሰጥ አልተወሰነም። ስምምነቱ በጽሑፍ እንዲሆን ጠየቅሁ። ጻፉት፤ ሁለት ጊዜ አንብቤ ፈረምሁ።