የሐሚድ በረኛ

ዛሬ ጠዋት የስልኬ ሒሳብ አልቆ ሳለ ጠረጴዛ ላይ የሚያብረቀርቅ ካርድ አገኘሁ። «ጎሽ!» አልኩና በቁልፍ ፋቅሁት። መፋቅ ብቻ መሰላችሁ? ያረረ ድስት ይመስል ፈገፈግሁት፤ ግማሹ ቁጥር አብሮ ተነሣ። የቀረውን እየሞላሁ፣ ትክክል አይደለም ከምትለኝ የስልክ ሴትዮ ጋር ስጨቃጨቅ የልጅ ልጄ ሜሮን ደረሰች።

«አባባ! የጌም ካርድ እኮ ነው! የተደበቀው ተጫዋች የሚከፈተው በዚህ ቁጥር ነበር!»

«ታዲያ ማን ደበቀው?» አልኳት። አልሳቀችም። ዓይኗ እንባ ሲያቀርር የራሴ ልጅነት መጣብኝ።

ከወሎ በሰፈራ መጥተን አሶሳን በለመድንበት ጊዜ፣ ጋሽ ደሜ የሚባሉ ነጋዴ ገበያው ዳር ጆተኒ ያጫውቱ ነበር። ከሚሸጡት ማስቲካ ውስጥ የኳስ ተጫዋች ሥዕል ይወጣል። ከበረኛው ጀምሮ ሙሉ ቡድን ያሟላ፣ በጓሮ ያለው የቀርከሃ ክፍል ተከፍቶለት አዲሱን ጆተኒ እስኪመሽ ይጫወታል። ሥዕሎቹን ግን፣ አንዱ ለሌላው እንዳያውስ፣ በሩ ላይ በሙጫ ይለጥፏቸዋል።

ጓደኛዬ ሐሚድ የበርታ ልጅ ነው። አብረን ማንጎ እያወረድን በማስቲካ እንለውጣለን፤ ጣታችን በማንጎ፣ ጥርሳችን በማስቲካ እንደተጣበቀ ይውላል። ዝናቡ ሲጀምር የእኔ ቡድን ከበረኛ በቀር ሞላ። በረኛው ያለው ሐሚድ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ከእሱ ሌላ እምብዛም አልነበረውም። ልለምነው አፍሬ ስቅለሰለስ ራሱ አወጣው።

«እንካ። አንተ ግባ፤ እኔ በቀርከሃው አያለሁ።»

«ሌላ በረኛ እሰጥሃለሁ።»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ!» አልኩ፤ የማርያም ልጅ ሆኜ።

ጋሽ ደሜ ሥዕሎቹን ለጥፈው በሩን ከፈቱ። ጠረጴዛው እንደ ዝናብ ማግስት ሣር አረንጓዴ ነው። እጀታውን ጨበጥሁ።

«ከማን ጋር ልትጫወት ነው?» አሉኝ።

ይህን አላሰብንም! ሌላ ቡድን ያሟላ ልጅ በአሶሳ የለም።

«ሐሚድ ይግባልኝ፣ ጋሼ።»

«ቡድኑስ?»

ምን ላድርግ፣ ጠረጴዛውን እየዞርኩ ከራሴ ጋር ገጠምሁ። ከውጭ አንድ ዓይን በቀርከሃው ቀዳዳ ተለጥፎ ይጮኻል፦ «በግራ! አሁን ምታ!» ለካ የሚያሠለጥነው ባላጋራዬን፣ የማዶውን ቡድን ነው። ላብ በላብ ሆኜ ተሸነፍሁ።

በቀዩ ጭቃ ወደ ቤት ስንሄድ፣ «አሸነፍኩህ» አለኝ ሐሚድ።

«መቼ ገባህና?»

«ሳልገባ አሸነፍኩህ።»

ከዚያ ወዲያ አንድም ማስቲካ በረኛ አላወጣልኝም። ጆተኒ ቤቱም ፈረሰ፣ በሩም ከነቡድኔ ሄደ።

ለሜሮን ሌላ ካርድ ይመጣላታል፤ አባቷን አዝዣለሁ። ሐሚድ ግን ዛሬም፣ ጢሙ ነጥቶ፣ ከመስጊድ ሲወጣ ካየኝ ከመንገዱ ማዶ፣ ከሰላምታ በፊት ይጮኻል፦

«በረኛዬስ?»

«ይመጣል!» እለዋለሁ። ባይመጣ ይሻለኛል። ከሰጠሁት ወዲያ ምን ብሎ ይጠራኛል?