እማዬ የሰማችው ለቅሶ

ነገሩ የሆነው አምና፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። መንገድ ላይ ድንኳን ተተክሎ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ድንኳን የማይታይበት ሳምንት የለም።

ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ የመጋረጃ ሱቅ አለኝ። እናቴ በካንሰር ታማ ሐኪሞቹ "ከእንግዲህ ሕመሟን ከማስታገስ በቀር የምናደርገው የለም" ሲሉኝ፣ ሀና ማርያም ያለ አንድ የሕሙማን ማረፊያ አስገባኋት። ቤቱ አሮጌ ነው። ጣሪያው ያፈሳል፣ መታጠቢያ ቤቱ ውጭ ነው። ግን የሚንከባከቧት ሰዎች ደጎች ስለነበሩ እማዬ ወድዳው ነበር።

አንድ ቀን የበጎ አድራጎት ድርጅት ቤቱን ሊያድሰው ነው ተባለ። ጣሪያው ይቀየራል፣ መታጠቢያ ቤቱ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ለተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫ ይሠራል። ሁሉም ደስ ሲለው እኔ ሆዴ አልወደደውም። ነጋዴ ነኝ፤ ሰው በነጻ ሲሰጠኝ መጀመሪያ የማየው ሌላኛውን እጁን ነው።

በዚያ ሰፈር መሬት ወርቅ ሆኗል። ግራና ቀኙ ፎቅ በፎቅ ነው። በእድሳት ስም በሽተኞቹን አስወጥተው እንግዳ ማረፊያ ሊያደርጉት ነው ብዬ ደመደምኩ። እናቴን ይዤ የት ልገባ ነው? አንድ ሰውዬ የክፍሏን በር በሜትር ሲለካ ባየሁ ጊዜማ ባሰብኝ።

"አልጋ እንዲያሳልፍ ልናሰፋው ነው" አለኝ።

"አልጋው ወዴት ሊሄድ ነው የሚያልፈው?" ብዬ አፈጠጥኩበት። ትቶኝ መለካቱን ቀጠለ።

የቤቱን ኃላፊ ሲስተር አልማዝን ብጠይቃት ሳቀች። "አንቺ ደግሞ መድኃኒቱንም ትጠረጥሪያለሽ።"

እማዬ ከአልጋዋ ሆና፣ "ተያት ሲስተር፣ ይቺ የራሷን ሠርግም ጠርጥራ ነው የሄደችው" አለች።

ከዚያ አንድ ቀን ሱቅ ልዘጋ ስል ሲስተር ደወለች። "ነገ በጠዋት ብትመጪ ጥሩ ነው። ሰውም ይዘሽ ነይ።"

"እማዬ ምን ሆነች?"

"ኧረ ደህና ናት። ብቻ በጠዋት ነይ።" ስልኩ ተዘጋ። መልሼ ብደውል ጥሪ አይቀበልም።

በእኛ አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። መርዶ በስልክ አይነገርም። "ደህና ናት" ይባልና በማግስቱ ጠዋት ሰው ተሰብስቦ ይነግራል። ሌሊቱን እንዴት እንዳነጋሁት እኔ ነኝ የማውቀው።

ሲነጋ፣ ከሱቄ አጠገብ ጨርቅ የምትሸጠውን ጓደኛዬን ዘይነባን ይዤ ሄድኩ። ታክሲ ውስጥ ዝም ስትል፣ እሷም ሰምታ ነው የደበቀችኝ ብዬ ጠረጠርኳት። ነጠላዬን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቄ ለብሻለሁ።

ግቢው ስንደርስ በሩ ክፍት ነው። መሀል ላይ የእድር ድንኳን ተተክሏል። አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረው፣ ጋቢ የለበሱ ሰዎች ጭጭ ብለው ተቀምጠዋል።

እዚያው በሩ ላይ ወደቅኩ። ደረቴን እየመታሁ ያልኩትን ኋላ ያስታወሰችኝ ዘይነባ ናት። "በስፌት መኪና ያሳደግሽኝ! ለሰው ሠርግ ቀሚስ ስትሰፊ አንድ ለራስሽ ያልሰፋሽ! መርፌ የጨረሰውን ጣትሽን አንድ ቀን ሳልስመው! ሁሉን ስጠረጥር አንቺን ብቻ ያመንኩሽ!" እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ፊት ለፊት አይባልም። መውደድ የሚነገረው ሰው ከሞተ በኋላ ነው።

ትንፋሼ ሲያልቅ ከድንኳኑ ውስጥ ድምፅ መጣ።

"ምነው፣ ማን ሞተ?"

እማዬ ናት። ጋቢ ተከናንባ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

ሲስተር አልማዝ እየሮጠች መጣች። ለካ የዚያን ቀን ጣሪያው ሊነሳ ነው። በሽተኞቹ አዲሱ እስኪገጠም የሚጠለሉበት ድንኳን ከሰፈሩ እድር ተለምኖ መጥቷል። "ሰው ይዘሽ ነይ" ያለችኝ ፍራሽና ዕቃ እንድናግዛቸው ነበር። መብራት ስለጠፋ ስልኳ ባትሪ ጨርሶ ነው። ዘይነባ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት እጅጌዋን ሰብስባ ፍራሽ መሸከም ጀመረች።

"ነጠላሽን አስተካክይ" አለችኝ እማዬ። "የጣቱን ነገር ደግሞ እስቲ ድገሚው፣ በደንብ አልሰማሁትም።"

ጣቷን ሳምኩት። አንድ በአንድ ሁሉንም ሳምኳቸው።

ማንም አልተባረረም። በሩም ሰፋ፤ እማዬ በየጠዋቱ ከነአልጋዋ በእሱ እየወጣች ፀሐይ ትሞቅ ነበር። ነሐሴ ላይ፣ ያ ሁሉ ዝናብ እየወረደ፣ ጠብታ በማያፈስ ጣሪያ ሥር አረፈች።

መካኒሳ አቦ ቤታችን በር ላይ ድንኳን ሲተከል እኔ አፌ አልተፈታም። ዘመዶቼ "ልቧ እንዴት ደነደነ" ተባባሉ። ምን ልበል? የምለው ሁሉ ቀድሞ ደርሷታል።

ዛሬም በዚያ በኩል ሳልፍ እንግዳ ማረፊያ አድርገውት እንደሆነ አንገቴን ብቅ አድርጌ አያለሁ። እስካሁን በሽተኞች ናቸው ያሉት። ያልለቀቀኝ ጥርጣሬ ሌላ ነው። የዚያን ቀን "ስገባ አላየሽኝም እንዴ? ለምን ቶሎ አልጠራሽኝም?" ብላት፣ "ዓይኔ ደክሟል ልጄ፣ እዚያ ድረስ አያይልኝም" ብላኝ ነበር።

ትንሽ ቆይታ ግን እዚያው ድንኳን ውስጥ እንደተቀመጠች፣ "የዘይነባ ቀሚስ ጠርዙ ተተርትሯል፣ ቤት ስትገቡ ስፊላት" አለችኝ። ዘይነባ ያን ጊዜ ፍራሽ ተሸክማ የቆመችው በሩ ላይ ነበር፤ እኔ የወደቅኩበት ቦታ።