በዝናቡ ቀን የተሞሉ ሁለት ሲሊንደሮች

ሉሚን በየማለዳው ከምንም በፊት የምታደርገው ነገር ማሽተት ነው። አየር የሚሞላው ኮምፕሬሰር ያለበት ቤት ደጃፍ ላይ ትንበረከክና ጠላቂዎች በጀርባቸው የሚያዝሏቸውን ሲሊንደሮች አንድ በአንድ ወደ ራሷ ታዘነብላለች፤ መክፈቻውን በትንሹ ፈታ አድርጋ ፊስ የሚለውን አየር ፊቷ ላይ ትለቀዋለች። ዓይኗን ጨፍና ትስባለች። ጥሩ አየር ምንም አይሸትም። ምንም ካልሸተታት በሲሊንደሩ ትከሻ ላይ በጠመኔ ታሰምራለች። እሷ ያላሰመረችበት ሲሊንደር ጀልባ ላይ አይወጣም። በዚህ የጠላቂ እንግዶች ማረፊያ አሥራ አንድ ዓመት የሠራችው እንዲህ ነው።

ጀልበኞቹ ይቀልዱባታል።

«እትዬ ሉሚን፣ ዛሬስ ምን ሸተተሽ?»

«ያንተ ብብት። ዞር በልልኝ፣ ሥራዬን ልሥራ።»

አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። አጭርና ደንዳና ናት፤ ስትናደድ ድምፅዋ ከፍ አይልም፣ ይወፍራል እንጂ። ሊምባዎን ደሴት ላይ እንግዳ ሳይመጣ በፊት ወንዶቹ ዓሣ የሚያወጡት በጎማ ቱቦ እየተነፈሱ ነበር። ጀልባው ላይ ሞተር አየር ይገፋል፣ ሰውየው የቱቦውን ጫፍ በጥርሱ ነክሶ ይወርዳል። ታላቅ ወንድሟ ዲዮኒሲዮ ከእነሱ አንዱ ነበር። ሉሚን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት፣ ዝናብ በበዛበት አንድ ቀን፣ ጓደኞቹ ሞተሩ እንዳይርስባቸው ፕላስቲክ አለበሱት። ዲዮኒሲዮ ወጣ፣ ራሴን አመመኝ አለ፣ «ትናንት የጠጣሁት ዛሬ ደረሰልኝ» ብሎ አሳቃቸው፣ ጀልባው ላይ ጋደም አለ። በዚያው ቀረ። ከንፈሩ ፍሬ የበላ ሰው ከንፈር ይመስል ቀልቶ ነበር።

ደሴቱ ሁሉ የባሕሩ ዓለት ባለቤት የሆነው መንፈስ ወሰደው አለ። ልጁ የዓለቱን ድርሻ ሳያስቀምጥ አጥምዷልና ተቆጥቶበት ነው ተባለ። እናታቸው ሰባት ዓመት ሙሉ የተቀቀለ ሩዝ በቅጠል እየጠቀለለች፣ ዓለቱ ላይ እያኖረች፣ ልጄን ማርልኝ ስትል ኖረች። በስምንተኛው ዓመት ክትባት ልትሰጥ የመጣች ነርስ ታሪኩን ሰምታ «ኧረ የሞተሩ ጭስ ነው የገደለው» አለች። ያን ጊዜ እናትየው ሞታለች። ሉሚን ወንድሟን አልቅሳ ጨርሳው ነበር። የዚያ ሁሉ ሩዝ ነገር ግን እስከ ዛሬ ያንገበግባታል።

ዝናቡ ከያዘ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ነፋስ የለም፤ ውሃው ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ባሕሩም ጸጥ ብሏል። ከማኒላ የመጡት ጥንዶች፣ ጄትሮና ክላሪቤል፣ ከተጋቡ አምስት ወራቸው ነው። ሁለት ቀን ጠልቀው ሦስተኛው ላይ ሰማዩ ተከፈተባቸው። አውሮፕላናቸው ከነገ ወዲያ ጠዋት ነው፤ የጠለቀ ሰው ደግሞ አንድ ሙሉ ቀን ሳያልፈው አይበርም። ስለዚህ ዛሬ ካልጠለቁ አበቃ። የክፍላቸው ግድግዳ ቀርከሃ ነውና ጠባቸውን ሁሉም ሰው ሲሰማ አደረ።

«ሁለት ቀን የጣሪያ ቆርቆሮ ስቆጥር ዋልኩ!»

«ቁጠር ያለህ አለ? እኔ አጠገብህ ነበርኩ።»

«አንቺማ ተኝተሽ ነበር።»

«ከአንተ ጋር ሲዋል ሌላ ምን ይሠራል?»

በዚያ ጠዋት ሉሚን ጎርፍ የገባበትን የራሷን ቤት ደጃፍ ስትጠርግ ግማሽ ሰዓት አረፈደች። ስትደርስ ኮምፕሬሰሩ እየሠራ ነው። ከጣሪያው ጠርዝ እስከ መሬት ድረስ ሰማያዊ ሸራ ተዘርግቷል። ገልጣው ስትገባ ሙቀት ያለው የቤንዚን ጭስ ዓይኗን አቃጠላት። የሞተሩ ማርሚታ ጭሱን ወደ ውጭ የሚተፋበት ቀዳዳ በሸራው ተሸፍኗል፤ ለሲሊንደሮቹ አየር የሚስበው ቱቦ ደግሞ ከዚያው ሁለት ክንድ ራቅ ብሎ አፉን ከፍቷል።

ሞተሩን አጠፋችው።

የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ዊልፍሬዶ ጃንጥላ ይዞ ከወጥ ቤት በኩል ብቅ አለ። ስልሳ ዓመቱን አልፏል፤ ሰው ሲቆጣው የሚስቅ ሰው ነው።

«ምነው አጠፋሽው?»

«ሸራውን ማነው የጣለው?»

«እኔ ነኛ። ሞተሩ ይርጠብ እንዴ?»

«ጋሼ ዊልፍሬዶ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ምን ስልህ ነው የኖርኩት? ቱቦውን ከጣሪያ በላይ አውጣው አላልኩህም? በእግዜር ስም ለምኜሃለሁ።»

«ይወጣል፣ ይወጣል። ዝናቡ ያባራ።»

«ስንቱን ሞላህ?»

«ሁለት ብቻ። ለጥንዶቹ። ልጁ ከማለዳ ጀምሮ ነዘነዘኝ።»

«የታሉ?»

ዊልፍሬዶ በጃንጥላው ወደ ባሕሩ አመለከተ።

ሉሚን ሮጠች። አሸዋው ርሶ ጭቃ ሆኗል፤ አንድ ጫማዋ ቀረ፣ አልተመለሰችለትም። የባሏ የፖንሶ ጀልባ ከባሕር ዳሩ ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ ታስሯል። ፖንሶ የሞተሩን ማስነሻ ገመድ ይዞ ቆሟል። ክላሪቤል መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ጀልባው ላይ ተቀምጣለች፣ ሲሊንደሯ ገና አጠገቧ ነው። ጄትሮ ግን ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ተንበርክኮ፣ የአፍ መተንፈሻውን ነክሶ፣ ለመስመጥ ወገቡ ላይ የታጠቀውን የእርሳስ ክብደት እየሞከረ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ከሲሊንደሩ የሚተነፍሰው?» አለች ሉሚን ልብሷን ሳትሰበስብ ውሃው ውስጥ እየገባች።

«ሩብ ሰዓት ይሆነዋል» አለ ፖንሶ። «ምነው ሴትዮ፣ ምን ሆንሽ?»

«ሲሊንደሩ ላይ የኔን መስመር አየህ?»

ፖንሶ አጎንብሶ የክላሪቤልን ሲሊንደር አየ፤ መስመር የለበትም።

«ዓይንህ ምን ይሠራልሃል? ለጌጥ ነው የተሰጠህ?»

ጄትሮን በብብቱ ገብታ አነሣችው፤ መተንፈሻውን ከአፉ ነቅላ አፍንጫዋ ላይ አደረገችው። የተቃጠለ ዘይት ሸተታት። መክፈቻውን እስከ መጨረሻው ፈታችው፤ አየሩ እያፏጨ ውሃውን አረፋ አደረገው።

«አንቺ ሴትዮ! አብደሻል?»

«ጭስ ነው። ውጣ።»

«ሰውየው አሁን ነው የሞላው! በምን አወቅሽ?»

«በአፍንጫዬ።»

ጄትሮ ወደ ሚስቱ ዞሮ ሳቀ፤ ሳቁ አያምርም። «ሰማሽ? አሽትታ ነው የምትፈትሸው! መሣሪያ የለ፣ ምን የለ፣ አፍንጫ!»

«ክላሪቤል ነው ስምሽ አይደል፣ ልጄ?» አለች ሉሚን። «ያንቺንም ክፈቺው።»

ክላሪቤል ሲሊንደሯን ከፈተች፣ አሸተተች፣ ፊቷን አዞረች። «እውነቷን ነው ጄትሮ። ኬሮሲን ኬሮሲን ይላል።»

«አንቺማ ዱሮም መጥለቅ አልፈለግሽም!» እየጮኸ ወደ ጀልባው ወጣ። «ስለዚህ ቤት እጽፋለሁ! ስለ አንቺም እጽፋለሁ፣ ስምሽን ጠቅሼ!»

«ጻፍ። የሚጽፈው በሕይወት ያለ ሰው ነው።»

«ፖንሶ!» ዊልፍሬዶ ከባሕር ዳር ጮኸ። «ቀደም ብለው ከተሞሉት ሲሊንደሮች ሁለት አምጣላቸውና ሞተሩን አስነሣ! እንግዳ አታስቆጡብኝ!»

ፖንሶ ሚስቱን አየ፣ ዊልፍሬዶን አየ። ማስነሻ ገመዱን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው።

ጄትሮ ሌላ ስድብ ሊጨምር አፉን ከፈተና ተወው። ቁጭ አለ። ጀልባው ጠርዝ ላይ ተደፍቶ አስታወከ።

«የባሕር ሕመም ነው» አለ አፉን እየጠረገ።

«ማዕበል የት አለና?» ክላሪቤል ተነሥታ ትከሻውን ያዘችው። «የታሰረ ጀልባ ላይ ነህ እኮ! ራስህን አሞሃል? ንገረኝ! ለአንድ ጊዜ እንኳ ሳትዋሸኝ ንገረኝ!»

«ራሴ... ሊፈነዳ ነው።»

ሉሚን ያልኩት ደረሰ ብላ ደስ አላላትም። ከንፈሩን ገልብጣ አየች፤ እንደ ዲዮኒሲዮ ከንፈር ቀልቷል። «ፖንሶ፣ ከዕቃ ቤቱ ለድንገተኛ የተቀመጠውን የኦክስጅን ጠርሙስ አምጣ። በሩጫ!» ፖንሶ ዘሎ ወረደ። ጀልባው ላይ ወጥታ ጄትሮን በጎኑ አስተኛችው። ጠርሙሱ ሲመጣ ጭንብሉን ራሷ አፍና አፍንጫው ላይ አጥብቃ ያዘችለት። ጄትሮ አልተከራከረም። ክላሪቤል እግሩን አቅፋ፣ ዝናቡ በጀርባዋ እየወረደ፣ «ጅል፣ ጅል፣ ጅል» ትለዋለች፤ እያለቀሰች ነው።

ወደ ማዶ ክሊኒክ ሊነሡ ሲሉ ዊልፍሬዶ እስከ ጉልበቱ ውሃው ውስጥ ገብቶ የጀልባውን ጠርዝ ያዘ። ጃንጥላውን ጥሎታል። አሁን አይስቅም።

«ሉሚን፣ አንቺ ቅሪ። ፖንሶ ያደርሳቸዋል።»

«ለምን እቀራለሁ?»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሐኪሟ ትጠይቃለች። ልጁ ራሱ የባሕር ሕመም ነው ብሏል። ወይ ደግሞ የትናንቱ ዓሣ አልተስማማውም ይባላል። ዓሣ ስንቱን ያማል። ቤቱ ከተዘጋ አንቺስ የት ትገቢያለሽ? አሥራ አንድ ዓመት ክፉ አድርጌብሻለሁ?»

ሉሚን ጭንብሉን በአንድ እጇ እንደያዘች ቀና አለች። ድምፅዋ ወፈረ።

«ዓሣ ነው ልበል?»

«ምናለበት?»

«አንተ እኮ የተወለድከው እዚህ ነው። ዓለቱ ላይ ማን ሩዝ ይዞ ይመላለስ እንደነበር ታውቃለህ። በዓይንህ አይተሃል! ደግመህ ለእኔ ታሪክ ትፈጥርልኛለህ? እጅህን አንሣ።»

«ሉሚን...»

«እጅህን ከጀልባው ላይ አንሣልኝ ጋሼ ዊልፍሬዶ፣ ሳልመታህ።»

አነሣ። ፖንሶ ገመዱን ከኪሱ አወጣና ሞተሩን አስነሣ።

ማዶ ለመድረስ ሃምሳ ደቂቃ ፈጀባቸው። ሉሚን መንገዱን ሁሉ ጭንብሉን ከልጁ ፊት አላነሣችም። ጄትሮ ከግማሽ መንገድ በኋላ ዓይኑን ከፍቶ ውሃ ጠየቀ። ሐኪሟ ካርዱን ስትሞላ ምክንያቱን የነገረቻት ሉሚን ናት፤ ሸራውንም፣ ማርሚታውንም፣ ሦስት ዓመት የለመነችበትን ቱቦም ቆጥራ ነገረቻት፤ ሐኪሟም ሁሉንም ጻፈች። ልጁ እዚያው አደረ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ከማዘጋጃ ቤት ሁለት ሰዎች በዝናቡ መጥተው የኮምፕሬሰሩን ቤት አሸጉት፤ ሉሚንና ፖንሶም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ አልነበራቸውም።