ጠጉሯን ማን ይሠራታል?

ልጄ አምስት ዓመት ሊሞላት ሲል እናቷ ከሰሰችኝ። ተፋተን እሷ ቀብሪበያ እህቷ ጋ ከገባች ሁለት ዓመት አልፎ ነበር፤ ልጅቷ እኔ ጋ ጅጅጋ ቀረች። አሁን ግን ቤት ተከራይታ "ልጄን ስጡኝ" አለች። እናት ናትና አልፈረድኩባትም። ልጄን መስጠት ግን አልችልም ነበር።

የባጃጅ መለዋወጫ ነው የምሸጠው። ቅዳሜ ከሰዓት የሱቁን በር ገርበብ አድርጌ፣ ግሪስ የጠገበ እጄን ሦስቴ በሳሙና ታጥቤ፣ ልጄን ጉልበቶቼ መሀል አስቀምጬ ሹሩባ እሠራታለሁ። ያስተማረችኝ ከሱቄ ጎን ሻይ የምትሸጥ ሶማሊት ጎረቤቴ ናት፤ ልጄ "ኤዶ" ትላታለች፣ አክስቴ ማለቷ ነው። የመጀመሪያው ሹሩባዬ አይጥ የበላው ገመድ ይመስል ነበር። ኋላ ግን እጄ ለመደ። ከጆሮዋ በላይ ያለው ቦታ ስለሚያማት እሱን መጨረሻ ላይ፣ የጠጉሯን ሥር በጣቴ ጫን ብዬ ይዤ ነው የምሠራው። በሩን ገርበብ የማደርገው ለምን እንደሆነ አልደብቅም። የሰፈሩ ወንዶች ቢያዩኝ እስክሞት መሳቂያ ያደርጉኝ ነበር።

የቀጠሮው ቀን ሦስት ነጋዴ ጓደኞቼ ሊያበረታቱኝ መጥተው ከኋላዬ ተቀመጡ። ምነው በቀሩ።

ዳኛው ስለ ሱቁም ስለ ቤቱም አልጠየቁኝም።

"ልጅቷን ማን ያጥባታል? ጠጉሯን ማን ይሠራታል?" አሉ።

"እኔ" ብል ከኋላዬ የሚነሳው ሳቅ ቀድሞ ተሰማኝ። እናቷን እንዲህ ብለው እንደማይጠይቋትም ገባኝ፤ ይሄ ደግሞ አበገነኝ። ብግን እንዳልኩ አንገቴን ቀና አድርጌ፣

"ጎረቤቴ ናት፣ ክቡር ፍርድ ቤት። እኔ ወንዱ ሹሩባ የት አውቄ" አልኩ።

ጓደኞቼ ሳቁ፤ ክፋት የሌለው ሳቅ ነበር። ዳኛው የተናገርኩትን ጻፉ።

"እንግዲህ ራስዎ ተናገሩት። ሴት ልጅ በጎረቤት እጅ አታድግም" አሉ።

ቃሌን ልመልስ አፌን ከፈትኩ። አሁን "ዋሽቼ ነው" ብል ማን ያምነኛል? ያመነኝም ይስቅብኛል። ወደ ቦታዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ልጄ ከእናቷ ጋር እንድትኖር ተወሰነ። ዳኛውን ስረግም ሰነበትኩ፤ ግማሹ እርግማን የራሴ እንደነበር ግን አውቃለሁ።

ያስረከብኳት መናኸሪያ ነው። ከነጋዴ ጓደኞቼ አንዱ ሻንጣዋን ይዞልኝ መጥቶ ሚኒባሱ ላይ ይጭናል። እናቷ የልጅቷን ጠጉር ዳሰስ ዳሰስ አደረገችው።

"እንዴት ያምራል። ባለፈው እኔ ጋ ስትከርም ልሠራት ብዬ በለቅሶ ፈጀችኝ" አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "እባክህ፣ ያቺ ጎረቤትህ እንዴት አድርጋ ነው የምትይዛት? ንገረኝ፣ እንዳላሳምማት" አለችኝ።

ጓደኛዬ ሻንጣውን አስሮ ጨርሶ አጠገባችን መጥቶ ቆመ።

"እኔ ምን አውቃለሁ" አልኳት።

ልጄ የእናቷን እጅ እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ።