አክስቴ ባሕር የገቡበት ቅዳሜ

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ሲያትል፣ ሌክ ሲቲ የሚባል ሰፈር ባለ አንድ ክፍል አፓርታማ ተከራይቼ፣ ቀን ቀን ዳውንታውን የሰው መኪና ፓርክ እያደረግኩ ስኖር፣ አክስቴ ለአንድ ወር ሊጠይቁኝ ከአዋሳ መጡ። የአባቴ ታናሽ እህት ናቸው። ሠላሳ ዓመት በነርስነት አገልግለው ጡረታ ከወጡ ገና ዓመታቸው ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት አልካይ የባሕር ዳርቻ ወሰድኳቸው። ጥቁር የጎማ ልብስ የለበሱ፣ የአየር ሲሊንደር ያዘሉ ሰዎች ከውሃው ውስጥ እየተራመዱ ሲወጡ አየን። አንዷ ፀጉሯ ጥጥ የመሰለ ሴት ነበረች። አክስቴ ቆመው አዩአትና ምን እንደሆነ ጠይቅልኝ አሉኝ። ጠየቅኩ። ለእረፍት ለመጡ እንግዶች የሚሰጥ የአንድ ቀን ትምህርት ነው፤ ጠዋት መዋኛ ገንዳ ውስጥ ይለማመዳሉ፣ ከሰዓት በኋላ ከአስተማሪ ጋር ባሕር ውስጥ ይጠልቃሉ።

«እኔም ለእረፍት ነው የመጣሁት፤ አስመዝግበኝ» አሉኝ።

ከሃምሳ ዓመት በላይ አይቀበሉም አልኳቸው። ማንም እንዲህ አላለኝም ነበር። አክስቴ ፀጉሯ የነጣውን ሴት በአገጫቸው አሳዩኝና ዳርቻው ላይ ወዳለው መመዝገቢያ ጠረጴዛ ሄዱ።

ቅዳሜ ጠዋት የጤና ፎርሙን እኔ እያነበብኩ እሳቸው መለሱ። አስም የለም፣ የልብ ሕመም የለም፣ ግፊት የለም። አንዱ እንኳ ቢገኝባቸው ብዬ ተመኝቼ እንደነበር አልክድም። አስተማሪያቸው ከጎረቤት ከተማ ከታኮማ የምትመጣ፣ ድምጿ ዝግ ያለ ጎልማሳ ሴት ናት። አክስቴ የፈረንጆቹን አነጋገር መከተል ስለሚከብዳቸው፣ እሷ ስትናገር እኔ ገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጢጥ ብዬ አስተረጉማለሁ። ውሃ ውስጥ ትንፋሽ መያዝ ክልክል ነው፣ ሁልጊዜ መተንፈስ ነው አለች። ይህንን በትክክል ነገርኳቸው።

አክስቴ ውሃ ውስጥ ግማሽ ደቂቃ እንኳ ሳይቆዩ አፍንጫ ድረስ የሚሸፍነው የመጥለቂያ መነጽራቸው ውስጥ ውሃ ገብቶ እየሳሉ ወጡ። አስተማሪዋ ይህ ሁሉም ሰው ላይ ይደርሳል፣ ትንሽ ይረፉና እንደገና እንሞክራለን አለች።

«ለዛሬ ይበቃል እያለች ነው» አልኳቸው እኔ።

ፈርቼ ነበር። አንድ ነገር ቢሆኑ ለቤተሰቡ ምን እላለሁ? ደግሞም አፍሬ ነበር፤ አክስቴን በዚያ ጠባብ የጎማ ልብስ ማየት ከብዶኛል።

አክስቴ ወደ አስተማሪዋ ዞሩ። ጣታቸውን መጀመሪያ ወደ ራሳቸው፣ ቀጥሎ ወደ ገንዳው ታች ቀሰሩ። አስተማሪዋ ፈገግ ብላ አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን አገናኝታ ክብ ሠራች፤ ጠላቂዎች «ደህና ነው» የሚባባሉበት ምልክት ነው።

«እሷ ይበቃል አላለችም» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «ያልከው አንተ ነህ።»

መነጽራቸውን አራግፈው ቀጠሉ።

«ያለችውን የምትነግረኝ ከሆነ ተቀመጥ። ካልሆነ ሂድና መኪና ውስጥ ጠብቀኝ። ያለ አንተም እገባለሁ።»

ተቀመጥኩ። መነጽር ውስጥ የገባ ውሃ በአፍንጫ ትንፋሽ እንዴት እንደሚወጣ አስተማሪዋ ያለችውን ቃል በቃል ነገርኳቸው። ደጋግመው ሞከሩ፤ ደጋግመውም ሳሉ። በመጨረሻ ገንዳው ወለል ላይ ተንበርክከው፣ መነጽሩን ራሳቸው ውሃ አስገብተው ራሳቸው አስወጡት። እዚያ ታች ሆነው ቀና ብለው አዩኝ እንጂ ቶሎ አልወጡም።

ከሰዓት በኋላ ባሕር ገቡ። የዚያ ውሃ ቅዝቃዜ በበጋም አጥንት ድረስ ይዘልቃል። አስተማሪዋ ክንዳቸውን ይዛ ሁለቱም ጠለቁ፤ ለእኔ የቀረልኝ የትንፋሻቸውን አረፋ እያየሁ ጠጠሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ማለት ነበር። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆዩ። ሲወጡ ከንፈራቸው ጠቁሯል። ሲሊንደሩን ልቀበላቸው እጄን ብዘረጋ በክርናቸው ገፉኝና እንዳዘሉት ወጡ። የባሕር ኮከብ የሚሉትን ባለ አምስት ክንድ ሐምራዊ እንስሳ አይተዋል፤ አንድ ሸርጣን ደግሞ መቆንጠጫውን አንስቶ ሊጣላቸው ፈልጎ ነበር።

«እኔም አልሸሸሁለትም» አሉኝ።

በመንገድ ላይ፣ ልጅ ሳሉ አዋሳ ሐይቅ ውስጥ ከወንድሞቻቸው ጋር ይዋኙ እንደነበር ነገሩኝ። ሁሉንም ይቀድሙ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ሴት ልጅ አይገባትም ተብለው ተከለከሉ፤ ወንድሞቻቸው መዋኘታቸውን ቀጠሉ።

እሑድ አባቴ ከአዲስ አበባ ደወለ። ዓርብ ዕለት ደውዬ የነገርኩት እኔው ነኝ፤ ያስቆምልኛል ብዬ። በዚህ ዕድሜዋ ራሷን መሳቂያ እያደረገች ነው፣ ሁለተኛ እንዳትገባ ንገራት አለኝ። አክስቴ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ይሰሙኛል።

«አባዬ፣ እኔ አልነግራቸውም» አልኩት። «አጠገቤ ናቸው፤ ራስህ ንገራቸው።»

ስልኩን ሰጠኋቸው። አባቴ ምን እንዳለ አልሰማሁም፤ ረጅም ነበር። አክስቴ እስኪጨርስ ጠበቁት።

«ቅዳሜ እደግመዋለሁ» አሉትና ዘጉት።